ማማ ላይ የሚያድር ሰው ማንን ይጠብቃል?

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ተነሥቶ በባሶ ሊበን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው እያለቀ ሲሄድ የጤፉና የስንዴው ማሳ በበቆሎና በማሽላ ሲተካ ይመለከታል። ጉዞው በመስከረም ማብቂያ ወይም በጥቅምት ከሆነም በየማሳው መካከል ከመሬት ከፍ ብላ የተሠራች ትንሽ ጎጆ ያያል። አራት ባላ ተተክሎ፣ በላዩ አግዳሚ ተጋድሞ፣ እንጨት ተረብርቦ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ከላይ ለጠልና ለካፊያ የሚሆን የሣር ክዳን ጣል የተደረገባት ናት። በማሳው ዳር ቅርንጫፉ የሰፋ ዋንዛ ወይም ሾላ ካለ ደግሞ ባላ መትከል አያስፈልግም፤ ጎጆዋ ከዛፉ ላይ፣ ቅርንጫፎቹ ከሚለያዩበት ቦታ ትሠራለች። ሕዝባችን ይህችን ማደሪያ ማማ ይላታል።

ነቢዩ ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የተተወችውን ጽዮንን በአትክልት ቦታ ብቻዋን ከቀረች የጠባቂ ጎጆ ጋር ሲያመሳስላት ለጎጃም ገበሬ ማብራሪያ አያሻውም። አዝመራው ተሰብስቦ ጠባቂው ከወረደ በኋላ ማማ ምን እንደምትመስል ያውቃልና።

ማማ የቀንም የሌሊትም ሥራ አላት። ቀን ቀን ወፍ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ይጠበቅባታል፤ ወንጭፍና ጅራፍ የቀን መሣሪያዎች ናቸው። ሲመሽ ዝንጀሮው ወደ ገደሉ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጃርትና የዱር አሳማ ነው። ጃርት የበቆሎውን አገዳ ከሥሩ ቆርጥሞ ይጥላል፤ የአሳማ መንጋ ሳይታይ የገባበት ማሳ ደግሞ ሲነጋ የማን እንደ ነበረ እንኳ አያስታውቅም። ስለሆነም ጠባቂው ራቱን በልቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ማማው ይወጣል። እሳት ያነድዳል፤ ቆርቆሮ ይመታል፤ ይጮኻል፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው እሸት እየጠበሰ ይበላል፤ ከወዲያ ማዶ ካለው ጠባቂ ጋርም ይጠራራል። በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ ጤፍና ገብስ ማማ አይሹም፤ ሆኖም እህሉ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ከአውድማው ዳር ዳስ ተሠርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚታደርበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ግብርና ለማስተማር አይደለም፤ አንባብያን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ያነሣነው በማማ ላይ ያደረ ሰው ሁሉ፣ ቢናገረውም ባይናገረውም፣ አንድ ጥያቄ ስለሚገጥመው ነው። አሳማው ወደ ማሳው ሲቃረብ ጠባቂው ጮኾ አባረረው እንበል። አሳማው ግን ወደ ዱር አልተመለሰም፤ ማማም ጠባቂም ወደሌለው ወደ ጎረቤት ማሳ ገባ። ያ ማሳ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿም ያልደረሱላት ሴት ማሳ ነው። ጠባቂው በድሏልን?

ወዲያው የሚመጣልን መልስ «ምን በደለ?» የሚል ነው። አሳማው የእርሱ ከብት አይደለም። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ካሣ የሚያስከፍለው ከብቱን በሰው እርሻ የለቀቀውን ሰው ነው እንጂ ስለ ዱር አውሬ ጥፋት ጎረቤትን አይጠይቅም። ደግሞስ የልጆቹን ጉሮሮ መጠበቅ የአባት ግዴታ አይደለምን? በዚህ መልስ ውስጥ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን አንድ ነገር ያሠጋናል፤ ይኸውም ከቃየን መልስ ብዙ የማይርቅ መሆኑ ነው። ቃየን ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ እኔ የእርሱ ጠባቂ ልሆን ነውን ብሎ ጥያቄውን በጥያቄ መልሶታልና።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሁሉን ነገር ኃጢአት የሚያደርግ ጠባብ ኅሊና አለ። ይህ ኅሊና ጠባቂውን «ባትጮኽ ኖሮ የሴትዮዋ ማሳ ባልተበላ ነበር» ይለዋል። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ማሳውን መጠበቅ አይገባውም ማለት ነው፤ ያን ጊዜም የእርሱም የእርሷም ይበላል። በ1274 እ.ኤ.አ. ያረፈው ታላቁ መምህር ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ሕይወቱን ከአጥቂ ስለሚከላከል ሰው ሲያስተምር፣ አንድ ሥራ ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ አንደኛው የታሰበ ሁለተኛው ግን ከሐሳብ ውጭ የሆነ እንደሚሆን፣ የሥራውም ጠባይ በታሰበው እንደሚለካ ይገልጻል። በማማው ላይ የታሰበው የልጆች እህል ነው። አሳማው ወደ ሴትዮዋ ማሳ መሄዱ ከሐሳብ ውጭ ነው። ስለዚህ እስከ ጩኸቱ ድረስ ጠባቂው በደል የለበትም።

ብዙዎቻችን ነገሩን እዚህ ላይ ዘግተን ጋቢያችንን እንከናነባለን። ሌሊቱ ግን ገና ነው።

ማማ ከፍ ብላ የተሠራችው ለማየትና ለመስማት ነው። ከላይ ያለ ሰው ከታች ያለው የማያየውን ያያል፤ አገዳው ሲሰበር በጆሮው ለይቶ፣ አውሬው በየት በኩል እንደ ሄደ ያውቃል። እንግዲህ አሳማው ወደ ሴትዮዋ ማሳ መግባቱን ያወቀው ብቸኛ ሰው እርሱ ነው። እርሷ ቤቷ ተኝታለች፤ ሌሎቹ ጎረቤቶችም እንዲሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ግዴታ ይጀምራል፤ ይህም ግዴታ የሚመጣው አሳማውን ካባረረ እጁ ሳይሆን ካየ ዐይኑ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 ስለ ጕበኛ የተናገረው ይህንኑ ነው። ጕበኛው ሰይፍ ሲመጣ ቢያይና መለከት ባይነፋ፣ ሰይፉን ያመጣው እርሱ ባይሆንም፣ ስለ ጠፋው ሰው ደም ይጠየቃል። የሚጠየቀው ስለ ዝምታው ነው። ለጠባቂያችን መለከቱ ድምፁ ነው፤ ሲጮኽ አምሽቶ ለአንዲት ተጨማሪ ጥሪ ድምፅ አጣሁ ሊል አይችልም። «እገሊት! ማሳሽ ተበላ!» ማለት እህል አያስወጣም።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ምስክርነት አለ። በአማርኛ መጠበቅ ማለት ከጥፋት ማዳንም ነው፤ የሚመጣውን ተስፋ አድርጎ መቆየትም ነው። ማሳ እንጠብቃለን፤ እንግዳም እንጠብቃለን። ትእዛዝ ይጠበቃል፤ በፍርድ አደባባይ ስለ ሌላው የሚቆመውም ሰው ጠበቃ ይባላል። በግእዙም ዐቀበ ከሚለው ግሥ ዐቃቤ ሕግና ዐቃቤ ሰዓት ወጥተዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ይነግረናል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው ይህን ቃል አንሥተው፣ መጠበቅ ማለት መንከባከብና ከጥፋት ማዳን መሆኑን አብራርተዋል። እንግዲህ ጥበቃ ኃጢአት ወደ ዓለም ከገባ በኋላ በሌባና በአውሬ ምክንያት የመጣብን ቅጣት አይደለም። አስቀድሞ የተሰጠን ሥራ ነው። ቃየን የካደውም ይህንኑ ከአባቱ የወረሰውን ሥራ ነበር።

እስካሁን ያነሣነው ቀላሉን ነው፤ ለባልቴት መራራት ለማንም አያስቸግርምና። ከበድ የሚለው ማሳው የማን ሲሆን እንደ ሆነ የጎጃም ሰው ያውቃል። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ከአንዱ ይዞታ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጥቷል። ያ ነገር ለአንዱ የዕድሜ ልክ እንጀራ፣ ለሌላው የዕድሜ ልክ ቁስል ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ይዞታ በደብተር ቢመዘገብም በደብተር የማይሻር ቂም አለ፤ በድንበር ምክንያት ደም የተቃቡ ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። አሁን ያንን ሰው በማማው ላይ እናስቀምጠው። ከበታቹ ያለው ማሳ አባቱ ያረሰው፣ እርሱም እስከ 1989 ያረሰው ነው፤ ዛሬ የሌላ ነው። አሳማው ገባ። ይጠራልን?

ለዚህ ሰው የፍትሕን ጥያቄ ትተህ ዝም በል አንለውም። ተበድያለሁ የሚል ከሆነ ለሽማግሌም ለፍርድ ቤትም የማቅረብ መብት አለው። ነገር ግን ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 23 የጠላቱን በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ያገኘ ሰው እንዲመልስለት፣ የሚጠላውም ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ቢያይ እንዲረዳው ያዝዛል። ልብ እንበል፤ ጠላትነቱን አላስተባበለም፤ መጀመሪያ ታረቁ ከዚያ በኋላ አህያውን አንሡ አላለም። ጠቡ በቦታው እያለ አህያው ይነሣል። ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 22 ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ እንዳያልፍ ይከለክላል። ክርስቶስ ጠላትን መውደድ ሲያስተምር ይህን የቆየ ሕግ ወደ ልብ አገባው እንጂ አላቀለለውም። በእኛ አስተያየት በሌሊት፣ ማንም ሳያይ፣ ለባላንጣው የጮኸ ሰው በአደባባይ ዕርቅ ተጨባብጦ ወደ ቤቱ ከሚመለስ ሰው ይልቅ ወደ ዕርቅ ቀርቧል። በአደባባይ የሚያየው አለ፤ በማማው ላይ ግን ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም፤ ጧት «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» ቢል ሁሉ ያምነዋል።

ባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም ቢሆን በጎጃም ያለን ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን፤ ስለዚህ የአብዛኞቻችን ጎረቤት የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። አሳማው ግን የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ጠሪውም መጠየቅ የለበትም።

ከፍ ብሎ ማደር ታዲያ ሁልጊዜ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ለመደሰት ይወጣል። በኬንያ፣ በአበርዴር ደን፣ ትሪቶፕስ የሚባል የዛፍ ላይ ማደሪያ በ1932 እ.ኤ.አ. በትልቅ የሾላ ዘመድ ዛፍ ላይ ተሠርቶ ነበር፤ እንግዶች ከላይ ሆነው ወደ ውኃው የሚመጡትን አራዊት ሲያዩ ያድሩበት ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያው ባደረችበት ሌሊት አባቷ ንጉሡ በአገራቸው ሞቱ፤ በዛፉ ላይ ሳለችም ሳታውቀው ንግሥት ሆነች። እነዚያ እንግዶች በገንዘባቸው ሊያዩት የሚሹት የዱር አውሬ የእኛ ገበሬ እንዳይመጣበት የሚጸልይበት ነው። በደስታው አንነቅፋቸውም፤ ፍጥረትን ማድነቅ መልካም ነው። ልዩነቱ ግን ተመልካች ባየው ነገር የማይጠየቅ፣ ጠባቂ ግን የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

ሌላው ደግሞ ከሰው ለመሸሽ ይወጣል። መንፈሳዊ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚፈትነው ይህ ነው፤ ጸሎት ከጎረቤት ጩኸት ማምለጫ ይሆናል። በዚህ ረገድ በየቁምስናችን ሰኔ 6 ቀን የምናስበው ቅዱስ አንጦንዮስ ዘፓዶቫ የተወልን ምሳሌ ከሁሉ የበለጠ የጠራ ነው፤ በስብከቱ የታወቀው ይህ ቅዱስ የመጨረሻ ቀኖቹን ያሳለፈው በዛፍ ላይ ጎጆ እንደ ነበረ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸውና። በ1231 እ.ኤ.አ. የዐቢይ ጾምን ሙሉ በፓዶቫ ከተማ በየቀኑ ሲሰብክና ሲያናዝዝ ሰነበተ። በዚያው ጾም፣ በማርች ወር፣ የከተማይቱ አስተዳደር በእርሱ ልመና ሕግ አወጣ፤ ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ያለውን ካስረከበ በኋላ በወኅኒ እንዳይያዝ የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ ሰውነቱ ደክሞ ካምፖሳምፒዬሮ ወደሚባል ቦታ ሄደ። እዚያም ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ የተዘረጉ ትልቅ የዋልነት ዛፍ አይቶ ወደደው፤ የቦታው ባለቤት ቲሶ የሚባል መስፍንም በገዛ እጁ ከሰሌን ጎጆ በዛፉ ላይ ሠራለት።

አንጦንዮስ ከሰው ሸሽቶ ነውን? ስንመለከተው እንዲህ አይደለም። ወደ ዛፉ የወጣው ባለ ዕዳዎቹን ካስፈታ በኋላ ነው፤ ከወጣም በኋላ ለምግብ ሰዓት ከወንድሞቹ ጋር ለመቀመጥ ይወርድ ነበር። ጁን 13 ቀን እንደ ልማዱ ወርዶ ከማዕድ ሲቀመጥ ኃይሉ ከዳው፤ ወደ ፓዶቫ ሲወስዱትም ከከተማይቱ ሳይደርስ በአርቼላ በዚያው ቀን ዐረፈ። ዘኬዎስም በኢያሪኮ ሾላ ላይ የወጣው ለራሱ ሊያይ ነበር፤ ጌታ ግን ፈጥነህ ውረድ አለው፤ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባውም ከወረደ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ግን ጽሑፋችን ለራሱ የማይጮኽ ጕበኛ ይሆናል። በማማው ላይ የሚያድረው ማን ነው? እስካሁን ጠባቂውን አባወራ አድርገን ተናገርን፤ ብዙ ጊዜ ግን ወንድ ልጁ ነው፤ አንዳንዴም የዐሥር ዓመት ልጅ። በ1891 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ ሬሩም ኖቫሩም በተባለው መልእክታቸው ልጆች ሰውነታቸውና አእምሯቸው ሳይጠነክር ለከባድ ሥራ እንዳይሰጡ አስጠንቅቀዋል፤ ያለ ጊዜው የመጣ ድካም ልጅን እንደ ብርቱ ነፋስ እንደ መታው ለጋ ቡቃያ እንደሚያበላሸውም አስረድተዋል። ይህን ምሳሌ ከገበሬ በላይ የሚረዳው የለም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ ከ15 እስከ 18 ያለውም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ይከለክላል። አዋጁ የሚናገረው ለቀጣሪ ነው፤ ልጁን ወደ ማሳው የሚልከውን አባት የሚዳኘው ኅሊናው ነው።

ድሃውን አባት ለመኰነን አንቸኩልም። ቀኑን ሲያርስና ሲያርም ውሎ ሌሊቱን ሊደግመው አይችልም፤ ማሳው ከተበላ ደግሞ ልጁ ይራባል። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የትጥቅ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ሌሊት ከቤት መውጣት ራሱ የሚያስፈራ ሆኖ የቆየባቸው ቀበሌዎች እንዳሉም እናውቃለን። ነገር ግን ልጁ አንቀላፍቶ ማሳው ቢበላና ጧት በዱላ ቢቀበሉት፣ ይህን በደል ነው ከማለት ወደ ኋላ አንልም። የማያንቀላፋና የማይተኛ ጠባቂ አንድ ብቻ እንደ ሆነ መዝሙረ ዳዊት 120 ይናገራል፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚነገረውን ከአንድ ሕፃን መጠበቅ ምን ይባላል? ጠባቂም የሚጠብቀው ያሻዋል።

ስለዚህ ነው ጥበቃን በተራ ማድረግ የድካም ማቅለያ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ የሚሆነው። ወንፈልና ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ የሌሊት ተራ ለማውጣት መምህር አያስፈልገውም። ማሳቸው የተያያዘ አምስት ወይም ስድስት ቤተሰቦች አንድ ወይም ሁለት ማማ ሠርተው፣ ጎልማሶች ሁለት ሁለት ሆነው ቢያድሩ፣ ሰው የሚያንቀላፋበት ሌሊት ሁሉም የሚተኛበት ሌሊት ይቀንሳል፤ ልጆችም ከቤታቸው ያድራሉ። ባልቴቲቱ ተራ የምታወጣው ሰው የላትም፤ ማሳዋ ግን በተራው ውስጥ ሊገባ ይገባል። ለጠባቂዎቹ ቆሎና ጠላ ልታቀርብ ትችላለች፤ ባታቀርብም ማሳዋ ይጠበቃል። ከሁሉ የሚከብደው ከባላንጣ ጋር አንድ ተራ መግባት ነው፤ አንዱ ሌሊት የእርሱን ማሳ መጠበቅ፣ ሌላውን ሌሊት የራስን ማሳ ለእርሱ ዐይን አምኖ መተው ነውና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን በሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ ከገና በፊት ባለው የኖላዊ ሰንበት ስለ መልካም እረኛ ስታስተምሩ፣ ስለ ቤተ ልሔም እረኞችም ስትተርኩ፣ የአሳማውን ጥያቄ ለልጆቹ አቅርቡላቸውና መልሱን ራሳቸው ይፈልጉት፤ የብሥራቱን ቃል መጀመሪያ የሰሙት ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን በማማ ላይ ያደረ ልጅ ከሁላችን ይልቅ ይረዳዋል። ሁለተኛው፣ የማሳ ጥበቃው ጊዜ ከወርኃ ጽጌ ጋር የሚገናኝ በመሆኑ፣ እሑድ ጧት በትምህርቱ መካከል የሚያንቀላፋ ልጅ ስታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት ሌሊቱን የት እንዳደረ ጠይቁት። በማማ ላይ ያደሩ ልጆች በሚበዙበት መንደርም ትምህርቱ እስከ ኅዳር አጋማሽ ከቀትር በኋላ ቢሆን፣ ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ተኝተው ሊመጡ ይችላሉ።